«ብትሰጠው ይሰንፋል» የሚሉት ሰበብ

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ዘካ የሚወጣበት ጊዜ ሲቃረብ አንድ ንግግር መሰማት ይጀምራል፦ «ብትሰጠው ይሰንፋል።» እዚህ ደሎ መና ቡና በሚመዘንበት መጋዘን በር ላይ ይሰማል፤ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመስጂድ ግቢ ይሰማል፤ በየቤቱም በባልና በሚስት መካከል ይሰማል። ሚስት «ለወንድምህ ልጆች አንድ ነገር ብናደርግላቸውስ?» ስትል ባል «ተያት፣ ይለምድበታል» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። ሐጂውም «ዛሬ ከሰጠሁት ነገ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል» ይላሉ። ንግግሩ የብልህ ንግግር ይመስላል። ተናጋሪውን ስስታም አያሰኘውም፤ እንዲያውም ለድሃው ከሁሉ የበለጠ ያሰበ ያስመስለዋል። ገንዘቡም ከኪሱ አልወጣም፣ ስሙም አልጎደፈም። ከዚህ የተሻለ ንግድ ከየት ይገኛል?

ውድ አንባብያን! ይህ ንግግር ሐሰት ነው እላለሁ። ይህን ስል በግምት አይደለም። ሁለት ምስክሮች አሉኝ። አንደኛው በየሐሪማው ለደረሶቻችን የምናስቀራው ኪታብ ነው። ሁለተኛው በሀገራችንና በሌሎች ሀገሮች «ድሃ ሲረዳ ሥራ ይተዋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ቁጭ ብለው የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ውጤት ነው። ኪታቡ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተጻፈ ነው፤ ምርመራው የትናንት ነው፤ ሁለቱ ግን ተገናኝተዋል።

በመጀመሪያ ሰበቡ አዲስ አለመሆኑን እንወቅ። በሱረቱ ያሲን ውስጥ ከአላህ ሲሳይ ለግሱ የተባሉ ሰዎች፣ አላህ ቢሻ ኖሮ የሚመግበውን ሰው እኛ እንዴት እንመግባለን ብለው እንደመለሱ ተነግሮናል። እነዚያ ያሳበቡት በአላህ መሻት ነበር። የዛሬው ሰው ደግሞ በድሃው ስንፍና ያሳብባል። ሰበቡ ተለወጠ እንጂ ከረጢቱ ያኔም ዛሬም እንደታሰረ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በረጂ ድርጅቶች ዘንድም ይኸው ንግግር «የጠባቂነት መንፈስ» የሚል ስም ይዞ ብዙ ዘመን ኖሯል። በ1997 (እ.ኤ.አ. በ2005) የተጀመረውና ሕዝቡ በአጭሩ «ሴፍቲኔት» የሚለው ፕሮግራም ሲነደፍ ይህ ስጋት አብሮ ተነድፏል። ጉልበት ያለው ሰው በነጻ አይሰጠውም፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ሽማግሌው፣ አካለ ስንኩሉና ጧሪ የሌለው ብቻ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ይታሰባል፤ ይህም በዓመት ውስጥ ለ6 ወር ያህል ነው። ሲጀመር የአንድ ቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ታቅፎበታል።

እስቲ ልብ በሉ፤ በ6 ብር ማን ሰነፈ? በ3 ኪሎ እህል ማን እግሩን ዘርግቶ ተኛ? ፒተር ሊትል የተባለ ተመራማሪ በደቡብ ወሎ ያሉ ቤተሰቦችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጽሑፍ የሚለው ይህንኑ ነው። የሚመጣው እህል ትንሽ ነው፤ የሚመጣበት ቀንም አይታወቅም፤ ስለዚህ ሰው ልተማመንበት ቢልም አይችልም። ገበሬ እህል ይመጣልኛል ብሎ ማሳውን ጦም የሚያሳድረው የሚመጣበትን ቀን ቢያውቅ ነበር። ጊሊጋን፣ ሆዲኖትና ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ ደግሞ በሴፍቲኔት የታቀፉትን ካልታቀፉ መሰሎቻቸው ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳተሙ። ክፍያው ከታቀደው በታች ሆኖ የደረሳቸው ብዙም ለውጥ አላሳዩም። ከክፍያው ጋር የእርሻ ድጋፍም ያገኙት ግን ምግባቸው ተሻሻለ፣ ለሥራ ብለው ተበደሩ፣ ከእርሻ ውጭ የራሳቸውን ትንሽ ንግድ ከፈቱ። ሥራ ትተዋል ወይ ተብሎ ሲታይ ምልክቱ አልተገኘም። ዘመድ ከዘመድ የሚያገኘው እርዳታም አልተቋረጠም።

በዚህ ላይ እኛው ያየነው አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኦሮሚያ ቆላ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። ገንናውም ሐገያውም ቀረ። በቦረናና በባሌ ቆላ ከብቱ አለቀ። መቶ ከብት ሲነዳ የኖረ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ባዶ እጁን የቀረው ሰነፍ ስለሆነ ነው? ከዚያም በላይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የአሜሪካ የረድኤት ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ ከታሰበለት ሰው እጅ ሳይደርስ እየተወሰደ ነው ብለው በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታን ለወራት አቆሙ። «እርዳታ ነው ሰውን ያሰነፈው» የሚለው ሰው እውነቱን ከሆነ በእነዚያ ወራት ድሃው ሁሉ ከእንቅልፉ ነቅቶ ባለሀብት መሆን ነበረበት። የሆነው ግን ረሃብ ነው። ደግሞስ እህሉን የወሰደው ማን ነበር? ለ3 ኪሎ ሲቆፍር የዋለው ሰው ነው?

አሁን ወደ ሙከራዎቹ ልምጣ። ሙከራ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አስቀድሜ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው «ጥናት» ሲባል አንድ ሹም ወረቀት ይዞ መንደር ለመንደር የሚዞርበት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም በማይበቃበት ቦታ በችግር እኩል ከሆኑት ሰዎች መካከል ዕጣ ይጣላል። ዕጣ የወጣለት ያገኛል፤ ያልወጣለት ይቀራል ወይም ተራውን ይጠብቃል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ከዕጣው በቀር የሚለያያቸው ነገር ስላልነበረ በኋላ የታየው ልዩነት የስጦታው ነው ይባላል። በዕጣ መለየት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲነሱ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ይጥሉ እንደነበር በሐዲስ እንማራለን። ለሁሉም የሚበቃ እያለ ለምርምር ብሎ ግማሹን ማስቀረት በእርግጥ ግፍ ነው። ሳይበቃ ሲቀር ግን ሹሙ ለዘመዱ ከሚሰጥ ዕጣው ይሻላል።

በዚህ መንገድ በሆንዱራስ፣ በኒካራጓ፣ በሜክሲኮ፣ በፊሊፒንስ፣ በሞሮኮና በኢንዶኔዥያ ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሰጡ ሰባት ሙከራዎች ነበሩ። አቢጂት ባነርጂና ባልደረቦቹ ሰባቱን አንድ ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አወጡ። ተቀባዮቹ ሥራ ቀንሰዋል ወይ? ወንዶቹም ሴቶቹም አልቀነሱም። ሞሮኮና ኢንዶኔዥያ የሙስሊም ሀገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ «የእኛ ሰው ግን ልዩ ነው» የሚል እንዳይነሳ ነው።

ተቃራኒውንም አልሸሽግም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በኒው ጀርሲ፣ በጌሪ፣ በሲያትልና በዴንቨር ለድሃ ቤተሰቦች የተወሰነ ገቢ እየተሰጠ ሲሞከር የሥራ ሰዓት በመጠኑ ቀንሷል። ከባሎች ይልቅ የቀነሱት ሚስቶች ነበሩ። ለመሆኑ አንዲት እናት ከሰው ቤት ሥራ ወይም ከፋብሪካ ጥቂት ሰዓት ቀንሳ ልጆቿ ዘንድ ብትውል ስንፍና ነው? በእኛ ቤት ይህን ስንፍና የሚለው ሰው ካለ በሚስቱ ፊት ይናገረውና እንየው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ነው። የከተማው ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2017 በ11 ከተሞች ሥራ ሲጀምር ለአዲስ አበባ ሰፈሮች በአንድ ጊዜ መድረስ ስላልቻለ ቅድሚያ የሚያገኙት ወረዳዎች በዕጣ ተለዩ። ሰዎቹ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ቦይ ያጸዳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። ሳይመን ፍራንክሊን፣ ክሌመን ኢምበርት፣ ግሩም አበበና ካሮሊና ሜሂያ-ማንቲያ ውጤቱን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2024 አሳተሙ። ተቀባዮቹ ለግል ቀጣሪ የሚሠሩት ሥራ ቀንሷል፤ ይህ እውነት ነው። የቀነሰው ግን ተኝተው አይደለም፤ በዚያው ሰዓት የመንግሥቱን ሥራ እየሠሩ ነው። ሰፈሩም ጸዳ። ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው ዋናው። ርካሽ ጉልበት እንደ ልብ አልገኝ ሲል ቀጣሪው ክፍያውን መጨመር ግድ ሆነበት። በሂሳባቸው መሠረት ፕሮግራሙ በሁሉም ሰፈር ሲዳረስ የቀን ሠራተኛው ክፍያ 18.6 በመቶ ይጨምራል። በፕሮግራሙ ያልታቀፈው ድሃ ሳይቀር ተጠቀመ ማለት ነው።

ወገኖቼ! እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ሰው ሰነፈ» የሚለውን ንግግር ከማን አፍ ነው አብዝተን የምንሰማው? በሐረና ጫካ ጥግ የቡና ለቀማ ሲደርስ ጆሮ የሰጠ ሰው መልሱን ያገኘዋል። «ለቃሚ ጠፋ፣ ሰው ሥራ ጠላ፣ እርዳታ አበላሸው» የሚለው ባለ ቡናው ነው። ለቃሚው የጠፋው በአምናው ክፍያ ነው። የቡናው ዋጋ ሲጨምር ለባለቤቱ «ሪዝቅ ነው» ይባላል፤ ለቃሚው እንዲጨመርለት ሲጠይቅ ግን «ሰነፈ» ይባላል። ልጆቹ የሚበሉት ያለው ሰው በረሃብ ዋጋ አይቀጠርም። የሸሪዓ ሕግ ሠራተኛውን ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት ሲል የሚራብ ሰው ምንም ቢሰጡት እንደሚቀበል አውቆ ነው። በሱረቱል-ቀለም የተነገሩት የአትክልት ባለቤቶችም ሚስኪን ሳይገባብን በማለዳ እንልቀም ብለው የተማማሉ ነበሩ። ሲደርሱ ምን እንዳገኙ ሱራውን የቀራ ሁሉ ያውቃል።

በዚሁ በሀገራችን ሌላ ሙከራ አለ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን ወደ 1,000 ለሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎች ዕጣ አውጥተው አንዳንዶቹ በ5 ድርጅቶች እንዲቀጠሩ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጥቂት ቀን ስለ ንግድ ተምረው 300 ዶላር ገደማ በእጃቸው እንዲሰጣቸው አደረጉ። የተቀጠሩት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ሥራውን ለቀቁ፤ የጤና ችግርም በዝቶባቸው ነበር። ገንዘብ የተሰጣቸው ግን በዓመቱ ገቢያቸው ዕጣ ካልወጣላቸው በሲሶ ያህል በልጦ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ልዩነቱ ጠፍቶ ሁሉም ተቀራርበዋል። አንድ ጊዜ የተሰጠ 300 ዶላር ሰውን ለዘላለም አያኖርም፤ ይህንንም እንወቅ። ፋብሪካውን የለቀቀውን ወጣት «ሰነፍ» ያሉት ግን ተሳስተዋል። ወጣቱ የተሻለውን መርጦ ነው የሄደው።

«የፈረንጅ ጥናት ምን ያደርግልናል?» ለሚለኝ ወንድም ወደ ኪታቡ እንሂድ እለዋለሁ። እዚያ የባሰ ይጠብቀዋል።

«ብትሰጠው ይሰንፋል» የሚሉ ሰዎች የሚመኩበት አንድ ሐዲስ አለ፤ የመጥረቢያው ሐዲስ ነው። ከአንሷር አንዱ ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጣ እርሳቸው እንጨት ልቀምና ሽጥ ብለው ሰደዱት፤ ስለዚህ ለለማኝ መልሱ «ሥራ» ነው ይላሉ። ስለ ሐዲሱ ሰነድ አንዳንድ ዑለማእ የተናገሩት አለ፤ እኔ ግን እነርሱ ራሳቸው በያዙት ማስረጃ ነው የምሟገታቸው። ሐዲሱን ከመሐል ቆርጠው ነው የያዙት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውየውን በመጀመሪያ ቤትህ ምን አለ ብለው ጠየቁት። የሚለብሱትና የሚያነጥፉት አንድ ጨርቅና ውሃ የሚጠጡበት አንድ የእንጨት ዕቃ ነበር። አስመጥተው በሰው ፊት ለጨረታ አቀረቡት። አንዱ 1 ዲርሃም አለ፤ ማን ይጨምራል እያሉ 2 ዲርሃም አደረሱት። ከዚያም በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰብህ ምግብ ግዛ፣ በሌላው መጥረቢያ ገዝተህ አምጣልኝ አሉት። ሲያመጣው እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጠሙለት። 15 ቀንም ሰጡት። ሲመለስ 10 ዲርሃም ይዞ ነበር።

እንግዲህ ተመልከቱ። ሥራ ከመባሉ በፊት ልጆቹ በልተዋል። መሣሪያው ተገዝቷል። ዋጋው ከፍ እንዲል የሀገሩ ታላቅ ሰው ቆሞ ተከራክሮለታል። እጀታው ተገጥሞለታል። ጊዜም ተሰጥቶታል። እኛ ከዚህ ሁሉ የያዝነው የመጨረሻዋን «ሂድ ሥራ» የምትለዋን ብቻ ነው። ምግቡንም፣ መጥረቢያውንም፣ እጀታውንም ለራሳችን አስቀርተን ድሃውን በባዶ እጁ ወደ ጫካ እንሰደዋለን።

ይህን ሐዲስ ሳስብ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው የስድስት ሀገሮች ሙከራ ነው። ኢትዮጵያ፣ ጋና፣ ሆንዱራስ፣ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ፔሩ ነበሩበት፤ በእኛ ሀገር የተደረገው በትግራይ ነው። ከ10,000 በላይ ቤተሰቦች በሁለት ተከፈሉ። ዕጣ የወጣላቸው እንስሳ ወይም ሌላ የሥራ መነሻ ተሰጣቸው፤ እርሱ ፍሬ እስኪያፈራ የሚበሉት ታሰበላቸው፤ ሥራውን ተማሩ፤ እየመጣ የሚጠይቃቸውና የሚመክራቸው ሰው ተመደበላቸው። ድጋፉ ከቆመ ከዓመት በኋላ ሲታይ በልተው ማደራቸው፣ ሀብታቸውና ገቢያቸው ከሌሎቹ በልጦ ነበር። የሚሠሩበት ሰዓትም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሆንዱራስ ላይ ግን የተሰጧቸው ዶሮዎች በበሽታ አለቁና ነገሩ ከሸፈ። (ዶሮ ያረባች እናት ሁሉ ይህን አስቀድማ ትነግራቸው ነበር።) ምግቡ፣ መሣሪያው፣ እጀታው፣ ቀጠሮው፤ ሁሉም ቀድሞ በመዲና ያየነው ነው።

ኪታባችንስ ምን ይላል? የባሌ ሙስሊም በአብዛኛው የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታይ ነው፤ ሐሪማዎቻችንም የሚያስቀሩት የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ነው። በሚንሃጅ ውስጥ የዘካ አከፋፈል በሚነገርበት ምዕራፍ ፈቂርና ሚስኪን ምን ያህል ይሰጣቸው የሚለው አለ። መጀመሪያ ለአንድ ዓመት የሚበቃ የሚለው ሐሳብ ይቀመጣል። ኢማሙ ግን በዚያ ላይ የራሳቸውን ቃል ጨምረው፣ ትክክለኛው የዕድሜ ልክ መተዳደሪያ የሚሆነው ነው፤ ገቢ የሚያስገኝ ንብረት ይገዛበታል ይላሉ። ሚንሃጅን ያብራሩት ዑለማእ ደግሞ ነገሩን በቁጥር ሳይቀር ዘርዝረውታል። ሙያ ያለው የሙያውን መሣሪያ መግዣ ይሰጠዋል። ነጋዴ የነበረ እንደ ንግዱ ዓይነት መነሻ ይሰጠዋል፤ ቅጠላቅጠል ሻጭ 5 ዲርሃም፣ ዳቦ ጋጋሪ 50፣ ሽቶ ነጋዴ 1,000፣ የከበረ ድንጋይ ነጋዴ 10,000። አንብቡና ተደነቁ! ለጋጋሪ ሃምሳ ዲርሃም የሚል ኪታብ በመደርደሪያችን ላይ ተቀምጦ እኛ ለጋጋሪዋ የምንሰጣት አንድ የተጨማደደች ብር ናት።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ነጋዴ 2 ሚሊዮን ብር ዓመት ዞሮበታል እንበል። ከአርባ አንዱ 50,000 ብር ነው። በረመዳን ደጁን ከፍቶ ለተሰለፈው ሁሉ መቶ መቶ ብር ቢያድል 500 ሰው ይቀበለዋል። አምስት መቶው ሰው በማግሥቱ ያው ነው፤ ነጋዴው ግን «500 ሰው ረዳሁ» ይላል። ከዚያ ሰልፍ ዞሮ ወደሚቀጥለው ደጅ የሚሄደውን ሰው አይቶ ደግሞ «ልመና ለመደ» ይላል። ማን አስለመደው? መቶ ብር ይዞ ከመሰለፍ በቀር ምን ሊሠራ ኖሯል? ይኸው 50,000 ብር ለሦስት ቤት ቢከፈል ለእያንዳንዱ ከ16,000 ብር በላይ ይደርሳል፤ ፍየል ይገዛል፣ የጉልት መነሻ ይሆናል። መዝሀቡ ከየክፍሉ ቢያንስ ሦስት ሰው ይላልና ሦስት አልኩ። አምስት መቶ ያለውን ግን አላየሁም።

ደግሞ በመዝሀቡ የሚሸሸጉም አሉ። «ቡና በሻፊዒይ የአዝመራ ዘካ የለበትም፣ ለቀለብ የሚሆን እህል አይደለምና» ይሉሃል። እውነታቸውን ነው፤ ማርም በአዲሱ የኢማሙ ቃል እንዲሁ ነው። ነገር ግን ቡናውን ነግዶበት ወይም ሸጦት ገንዘቡ ኒሳብ ሞልቶ ዓመት ከዞረበት ከአርባ አንድ አለበት። ይህን የሚነግርህ ግን ያው ሰው አይደለም። ቡናው ሲነሳ ፈቂህ የሆነ ሰው ገንዘቡ ሲነሳ መሃይም ይሆናል። በአንዱ ምዕራፍ የያዘውን ሚንሃጅ ወደ ሌላው ምዕራፍ ገልጦ እንዲያነበው በአክብሮት እለምነዋለሁ።

ሰነፍ የሚባል ሰው የለም ወይ? አለ። በሐዲስም ባለጸጋና ሠርቶ ማደር የሚችል ጠንካራ ሰው ከዘካ ድርሻ እንደሌላቸው ተነግሯል። ኪታቡ ግን ወዲያው ይለያል። ሥራ ያላገኘ ጠንካራ ሠርቶ ማደር ይችላል አይባልም። የሸሪዓ ዕውቀት በመፈለግ ላይ ያለ፣ ቢሠራ ትምህርቱ የሚቋረጥበት ደረሳም እንደ ፈቂር ይቆጠራል። ስለዚህ ነገሩ የሚፈልገው ማጣራት ነው። ቀቢሳ በዘገቡት ሐዲስ ድህነት የመታው ሰው ከወገኖቹ መካከል ሦስት አስተዋይ ሰዎች እንዲመሰክሩለት ተብሏል። ለማጣራት ደግሞ ሰውየውን ማወቅ ይጠይቃል።

ስለዚህ ጉዳይ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት አንድ ሙከራ አለ። አሜሪካውያንን እና ዴንማርካውያንን ከመንግሥት እርዳታ ስለሚቀበል አንድ ሰው ጠየቋቸው። ስለ ሰውየው ምንም ሳይነገራቸው ሲጠየቁ አሜሪካኑ ሰነፍ ነው ብሎ ይገምታል፤ ዴንማርኩ ዕድል የጎደለው ነው ብሎ ይገምታል። ከዚያ ለሌሎቹ ስለ ሰውየው ሁለት ዐረፍተ ነገር ተነገራቸው፤ ለአንዳንዶቹ ዘወትር ሲሠራ ኖሮ በሥራ ላይ የተጎዳ ነው ተባለ፤ ለአንዳንዶቹ ጤነኛ ሆኖ ሥራ የማይሻ ነው ተባለ። በዚህ ጊዜ የሁለቱ ሀገር ሰዎች ልዩነት ጠፋ። የተጎዳውን ሁለቱም ይርዳ አሉ፤ ሰነፉን ሁለቱም ነፈጉ። እንግዲህ «ሰነፍ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አፍ ላይ የሚመጣው ስለ ሰውየው ምንም ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ጠባዩን እንዴት አወቀው?

በናይሮቢ የድሃ ሰፈሮች የተደረገ ሌላም አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ገንዘብ ተሰጠ፤ የተለየው ሲሰጥ የተነገረው ቃል ብቻ ነው። ለአንዳንዶቹ «ይህ ለድሆች የሚሰጥ እርዳታ ነው» ተባለ፤ ለሌሎቹ እነርሱም ማኅበረሰቡም ያሰቡት ላይ እንዲደርሱ የሚያግዝ መሆኑ ተነገራቸው። ቀጥሎ ምን ዓይነት ትምህርት ማየት ትፈልጋላችሁ ሲባሉ ስለ ንግድ ሥራ መማርን አብዝተው የመረጡት ሁለተኞቹ ናቸው። በአንድ ገንዘብ፣ በሌላ ቃል! የሱረቱል-በቀራ 264ኛዋ አያ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት አታበላሹ ብላ የከለከለችው ሰጪው ምንዳውን እንዳያጣ ነው ብለን እናስተምራለን። የተቀባዩንም ጉልበት የሚሰብር መሆኑን አያይዘን ብናስተምር መልካም ነበር። የወንድምን ልጅ በዘመድ ሁሉ ፊት «እኔ ነኝ ያሳደግኩህ» ማለት የለመደ አጎት፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲያድግ «ይህ ልጅ ሞራል የለውም» ብሎ ይደነቃል።

በእኛ በኦሮሞ ዘንድ ይህ ሁሉ ሥርዓት ነበረው። ቡሳ ጎኖፋ ይባላል፤ ከብቱ ላለቀበት ሰው ወገኑ ከብት አዋጥቶ እንደገና ያቆመዋል። በቅርብ ዓመታት የክልሉ መንግሥት በዚህ ስም መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። በጥንቱ ሥርዓት የሚሰጠው ጊደር ነበር። ጊደር ትወልዳለች፤ ጉርሻ አትወልድም። ሰውየውም ዕድሜውን ሙሉ ለማኝ አይባልም፤ ነገ በተራው የሚያዋጣ ነውና።

የመጨረሻዋን ጥያቄ አውቃታለሁ። «ፍየሏን ሸጦ ቢበላትስ?» የሚበላው ሳይሰጡት ፍየል ብቻ ከሰጡት በእርግጥ ይበላታል፤ ልጆቹ እያለቀሱ ፍየል የሚጠብቅ አባት የለም። አንዱ ዲርሃም ለምግብ የተባለው ለዚህ ነው። በተረፈ የንግድ ዘካ በመዝሀባችን የሚወጣው በገንዘብ ነው፤ ሰጪው በገዛ ምርጫው ዕቃ ገዝቶ ሊያስረክብ አይገባውም። ገንዘቡ በሰውየው እጅ ይግባና፣ ለአንድ ሦስት ወር የሚሆን በቆሎ ለቤቱ ያስቀር፤ በገበያ ቀን ከመስጂዱ ጀመዓ እንስሳ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አብሮት ይውረድ፤ ጥርሷን አይቶ፣ ጡቷን ዳስሶ፣ ዋጋውን ተከራክሮ ያጋዛው። ከ15 ቀን በኋላም ይጠይቀው። ሽማግሌው ለዚህ የሚፈጅበት ግማሽ ቀን ነው። ወላሁ አዕለም።